የሽንት ቤት ፈተና፦ ከለንደን ፖም እስከ ጃፓን ሚሶ

ሽንት ቤት ጥሩ ይሁን መጥፎ በዓይን አይታወቅም። ሱቅ ውስጥ የተደረደሩት መቀመጫዎች ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም የሚያብለጨልጩ ናቸው። ልዩነታቸው የሚወጣው ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ዕቃው ወለል ላይ በሲሚንቶ ታስሮ፣ ቤተሰቡ መጠቀም ከጀመረ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ መመለስ የለም። ስለዚህ ገዢው እጅ ከመግባቱ በፊት ፋብሪካው ራሱ ሊፈትነው ግድ ይላል። ችግሩ በምን ይፈተን የሚለው ላይ ነው። በእውነተኛው ነገር መፈተን ነውር ነው፣ ለጤናም አደጋ አለው፤ በዚያ ላይ የዛሬው ከነገው እኩል ስለማይሆን ለልኬት አይመችም። ምትክ ያስፈልጋል። ምትኩን ፍለጋ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ሲሆን፣ ፋብሪካዎች የሚያመርቱትን ዕቃ የቀየረውም ይኸው ፍለጋ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈታኝ ያልነበረበት ዘመን

በ1596 ሰር ጆን ሃሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ባለቅኔና የቤተ መንግሥት ሰው፣ ባዝ ከተማ አጠገብ ኬልስተን በሚገኘው ቤቱ ስለሠራው በውሃ የሚታጠብ ሽንት ቤት መጽሐፍ አሳተመ። ሃሪንግተን የንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የክርስትና ልጅ ነበር፤ ለእርሷም በሪችመንድ ቤተ መንግሥት አንድ ተተከለላት። መጽሐፉ ግን ቀልድና አሽሙር የበዛበት ስለነበር አንባቢው ሣቀ እንጂ ዕቃውን አልፈለገውም። ከላይ ውሃ የሚያወርድ፣ ከታች ቆሻሻ የሚቀበል ቱቦ በሌለበት አገር ሽንት ቤት ብቻውን የትም አይደርስምና፣ ሐሳቡ ተዳፍኖ ቀረ።

የተዳፈነውን የቀሰቀሱት የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። በ1775 ሰዓት ሠሪው አሌክሳንደር ካሚንግ፣ ውሃ ቋጥሮ ሽታ የሚያግድ ጥምዝ ቱቦ ያለው ሽንት ቤት ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1778 ደግሞ ኋላ በቁልፍ ሥራው ስሙ የገነነው ጆሴፍ ብራማ፣ በማጠፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ያለው የተሻለ ዓይነት አስመዘገበ። ሁለቱም እጃቸው በጥቃቅን ሥራ የሠለጠነ ነበርና ዕቃቸው ለዘመኑ ጥሩ የሚባል ነበር። ሆኖም ክዳኑ በትክክል መግጠም አለመግጠሙን የሚነግረው የገዢው አፍንጫ ብቻ ነበር፤ እርሱም የሚፈርደው ዕቃው ከተተከለ በኋላ ነው።

በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተዘጋጀው ታላቅ ዓለም አቀፍ ትርኢት፣ ጆርጅ ጄኒንግስ የተባለ የቧንቧ ሥራ ባለሙያ በብርጭቆ በተሠራው አዳራሽ ለሕዝብ የሚሆኑ ሽንት ቤቶች ተከለ። ትርኢቱ እስኪዘጋ 827,280 ሰዎች አንድ አንድ ፔኒ እየከፈሉ ተጠቀሙባቸው።  ቢሆንም የተቆጠረው የገባው ሳንቲም ነው። ስንቱ በአንድ ጊዜ ውሃ እንደጸዳ፣ ስንቱ እንደተደፈነ የመዘገበ አልነበረም።

ሽታን ማደን

በ1848 የወጣው የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ሕግ አዲስ የሚሠራ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት መጸዳጃ እንዲኖረው አዘዘ። ሽንት ቤት በዛ፤ ቆሻሻውም ወደ ቴምዝ ወንዝ ወረደ። በ1858 የበጋ ሙቀት ወንዙ እስከ ፓርላማው መስኮት ሲሸት፣ ለዓመታት ሲንከባለል የነበረው ጉዳይ በአጭር ጊዜ ተወሰነና መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት የለንደንን ታላላቅ የፍሳሽ መስመሮች መዘርጋት ጀመረ።

ቤቶች ከመስመሩ ጋር ሲገናኙ ግን ሌላ ፍርሃት መጣ። የዚያ ዘመን ሐኪሞች አብዛኞቹ በሽታ የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ራሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አሁን ያ ሽታ ከምድር ውስጥ ተነሥቶ እስከ መኝታ ክፍል የሚወጣበት ቱቦ ተበጀለት። በ1871 የዌልስ ልዑል ኤድዋርድ ስካርብራ ከተማ በሚገኝ የመኳንንት ቤት በእንግድነት ሰንብቶ ሲመለስ በታይፎይድ ታሞ ለሞት ደረሰ። አብሮት የነበረው የቼስተርፊልድ ባላባትና የልዑሉ ፈረስ ጠባቂ ሞቱ። ልዑሉ ቢተርፍም ጣት ሁሉ የተቀሰረው በቤቱ የፍሳሽ ቱቦ ላይ ነበር። ነገሥታትን ያልማረ ቱቦ እኛን ይምራልን ያሉ ባለጸጎች ቤታቸውን ለማስመርመር ተሻሙ።

ምርመራው የሚካሄድበት መንገድ ዛሬም ቢሆን ያስደንቃል። ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወይም ውጭ ሆኖ የናና ዘይት በፈላ ውሃ በጥብጦ ቱቦው ውስጥ ያፈሳል፤ ጓደኛው ቤት ውስጥ በየክፍሉ እየዞረ ያሸታል። የናና መዓዛ በመጣበት በኩል ቱቦው ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ዘይቱን ያፈሰሰው ሰው ሥራው እስኪያልቅ ወደ ቤት እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ ልብሱ ይዞት የሚመጣው መዓዛ ፍርዱን ያበላሻልና። ሌሎች ደግሞ በወናፍ ጭስ ወደ ቱቦው ነፍተው የሚያፈተልክበትን ይጠብቁ ነበር። በዚህ ሥራ ሁለት ልማዶች ተወለዱ። አንደኛው የሚፈትነው ሰው ከሚሸጠው መለየቱ ነው። ሁለተኛው በአደገኛው ነገር ምትክ ጉዳት የሌለው ነገር ተጠቅሞ ጉድለትን ማጋለጥ ነው።

አሥር ፖሞች

በ1884 ለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን ላይ ዓለም አቀፍ የጤና ትርኢት ተከፈተ። ጆርጅ ጄኒንግስ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቶ ነበር፤ ድርጅቱ ግን ቀጥ ብሎ የሚቆም የሸክላ መቀመጫ ይዞ ለውድድር ቀረበ። የተሰጠው ውሃ ሁለት የእንግሊዝ ጋሎን፣ ማለት 9 ሊትር ገደማ ነው። በአንድ ልቀት ካወረዳቸው ነገሮች መካከል እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጡ አሥር ትናንሽ ፖሞች፣ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ስፖንጅ፣ የቧንቧ ሠራተኞች ከጥላሸትና ከሙጫ የሚያዘጋጁት ጥቁር ቅባት፣ እንዲሁም ቅባቱ ላይ የተለጠፉ አራት ወረቀቶች ነበሩ። መቀመጫው የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ።

ነገሩ ለተመልካች መዝናኛ ቢመስልም ዝርዝሩን ያወጣው ሰው በደንብ አስቦበታል። ፖሙ የክብደትና የቅርጽ ፈተና ነው፤ ስፖንጁ የመጠን፤ ቅባቱ ውሃው ግድግዳውን ሁሉ ማጠብ አለማጠቡን ያሳያል፤ ወረቀቱ ደግሞ የተጣበቀን ማስለቀቅ ይችል እንደሆነ። አንድ ሽንት ቤት የሚጠበቁበት ሥራዎች ተለያይተው፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ምትክ ተመድቦ፣ የውሃው መጠን አስቀድሞ ተወስኖ ቀርቧል። ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚሠራበት ደንብ ከዚህ አካሄድ ብዙም አልራቀም። የጎደለው ነገር ቢኖር ፖም ክብና ጠንካራ፣ የተፈለገው ነገር ግን ሌላ መሆኑ ነው። ይህ ጉድለት ዋጋ ያስከፈለው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ከእቶን የሚወጣ ዕቃ

በዚያው አሥር ዓመት ስታፎርድሻየር ውስጥ ሃንሊ በተባለው የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ቶማስ ትዋይፎርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሸክላ የሆነ መቀመጫ ለገበያ አወጣ። የብረት ክዳንና የእንጨት ሳጥን ቀሩ። ለማጽዳት የሚመች፣ ቆሻሻ የሚደበቅበት ጥግ የሌለው ዕቃ ተገኘ። የጥራት ምርመራውም ከብረት መግጠሚያ ወደ ጭቃና እሳት ተሻገረ።

ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የተጣራ ነጭ አፈር ከተፈጨ ድንጋይ ጋር በውሃ በጥብጠው በጄሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያፈሱታል። ጄሶው ውሃውን ሲመጥ ጭቃው ከግድግዳው ላይ እየወፈረ ይይዛል፤ የተረፈው ይደፋል። የወጣው ቅርጽ ይደርቃል፣ መስታወት የሚሆነው ልባጥ ይረጭበታል፣ ከዚያ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ እቶን ይተኮሳል። በዚህ ጉዞ ዕቃው ከመጠኑ ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ደግሞ እኩል አይደለም፤ ወፍራሙ ክፍል ቀስ ብሎ፣ ቀጭኑ ቶሎ ይደርቃል። መሰንጠቅ፣ መጣመም፣ የጥምዙ ቱቦ መጥበብ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ከእሳት በፊት ይጀምራል። በደረቀው ጭቃ ላይ ላምባ በብሩሽ ይቀባል፤ ላምባው ደህናው ቦታ ላይ ቶሎ ሲደርቅ ስንጥቁ ውስጥ ግን ይቆይና እንደ ፀጉር የቀጠነውን መስመር አጉልቶ ያሳያል። በዚህ ደረጃ የተገኘ ብልሽት ጭቃው ተመልሶ እንዲበጠበጥ ያደርጋል እንጂ ብዙ አያከስርም። ከእቶን ከወጣ በኋላ የተገኘ ግን ወደ ጭቃነት አይመለስም፤ የነደደበት እሳትም ከስሮ ቀረ።

ከእቶን የወጣውን ፈታሹ በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ መታ እያደረገ ያዳምጠዋል። ገበያ ወርዳ ጀበና የምትገዛ ሴት በጣቷ ኳ አድርጋ የምትሰማውን ነው የሚፈልገው፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ይህ ዘዴ በብዙ ፋብሪካዎች አሁንም አልቀረም። ዓይን የማይደርስበትን ጥምዝ ቱቦ ለማየት ደግሞ መጠኑ የታወቀ ኳስ ይሰደድበታል። በአሜሪካ ደንብ ኳሱ ቢያንስ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ካላለፈ ዕቃው ወዲያው ወዳቂ ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ላይ ኬሚስቱን ጨመረ። ከተሰበረ ቁራጭ ላይ ናሙና ተወስዶ ይመዘናል፣ በውሃ ይቀቀላል፣ ተነክሮ ያድራል፣ እንደገና ይመዘናል። የጠጣው ውሃ ከክብደቱ ከመቶ ግማሽ እጅ ካለፈ ሸክላው በደንብ አልተተኮሰም ማለት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሽታና ቆሻሻ መጥጦ ይይዛል። ልባጡ ደግሞ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ጨዋማ ውህድ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ድንገት በረዷማ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነከራል። ከልባጡ በታች ያለው ሸክላና ልባጡ እኩል የማይሰፉና የማይኮማተሩ ከሆነ፣ ቀለሙ የሸረሪት ድር የመሰለ መስመር ያወጣል። በአውሮፓ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት 400 ኪሎ ግራም ተጭኖበት አንድ ሰዓት ሳይሰነጠቅ መቆየት አለበት።

በዚሁ ዘመን ጃፓንም ወደዚህ ሥራ ገባች። ካዙቺካ ኦኩራ የተባለው የሸክላ ነጋዴ በአውሮፓ ጉዞው ያየውን ነጭ መጸዳጃ በአገሩ ለማምረት ቤተ ሙከራ አቋቁሞ በ1914 የመጀመሪያውን የጃፓን የሸክላ መቀመጫ አወጣ። በ1917 ዛሬ ቶቶ የሚባለውን ኩባንያ ኪዩሹ ደሴት ላይ መሠረተ።

ኳስ ማውረድ የተማሩ ሽንት ቤቶች

የአሜሪካ የምርት ደረጃ ውሃ የማውረድ ችሎታን የሚለካው በፕላስቲክ ነበር። አንዱ ፈተና 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው መቶ ኳሶች ነበር። ሌላው ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎችና የናይለን ኳሶች ነው። ሦስተኛው የግድግዳ እጥበት ነው፤ ከከንፈሩ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ዙሪያውን በቀለም መስመር ይሰመራል፣ ውሃ ይለቀቃል፣ የቀረው ቁርጥራጭ መስመር ተደምሮ ከ50 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። አውሮፓውያን ደግሞ 12 ቅጠል የሽንት ቤት ወረቀትና 20 ግራም ሰጋቱራ ይጠቀማሉ። ሁሉም ንጹሕ ነው፣ ሁሉም ይቆጠራል፣ ታጥቦ ወይም ተገዝቶ ነገም ይደገማል። ለመሐንዲስ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

ውሃው እንደልብ እስከሆነ ድረስ የኳሱ ፈተና ጉድለት አልታየም። ከ1980ዎቹ በፊት የነበሩ ብዙ የአሜሪካ ሽንት ቤቶች በአንድ ልቀት 19 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠቀሙ ነበር፤ ኋላ 13 ሊትር ገደማ ሆነ። በዚህ ሁሉ ውሃ ምንም ይወርዳል። በጥቅምት 1992 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ የፈረሙት የኃይል ፖሊሲ ሕግ ግን ከጥር 1994 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚሠራ አዲስ ሽንት ቤት ከ6 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ደነገገ።

ብዙ አምራቾች በቂ ጊዜ አላገኙም። የድሮውን ቅርጽ እንዳለ ይዘው የውሃውን መጠን ብቻ ቀነሱ። ዕቃው ወደ ቤተ ሙከራ ሄደ፣ ኳሶቹን አወረደ፣ ማረጋገጫ ተሰጠው። ቤት ሲደርስ ተደፈነ። ሰዎች ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ እየለቀቁ ሕጉ ሊያድን የፈለገውን ውሃ መልሰው አፈሰሱት። አንዳንዱ 13 ሊትሩን ከካናዳ እያስመጣ ተከለ። የሚሺጋኑ የምክር ቤት አባል ጆ ኖለንበርግ ሕጉ እንዲሻር ረቂቅ አቀረቡ፤ ሽንት ቤት የመንግሥት ጣልቃ ገብነት መከራከሪያ ሆነ። ረቂቁ አልጸደቀም፤ ቁጣው ግን አልበረደም።

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ወደ ውሃው ማነስ ነው። ወደ ኳሱ የተመለከተ ጥቂት ነበር። የፕላስቲክ ኳስ ክብ ነው፣ ይንሳፈፋል፣ አይጣበቅም፤ የእውነተኛው ነገር ጠባይ ከሦስቱም ተቃራኒ ነው። አምራቾች ደግሞ የሚያመርቱት ለሚፈተኑበት ነው። በይሉኝታ የተመረጠ ምትክ፣ ኳስ በደንብ የሚያወርዱና ሌላውን የማያወርዱ ሽንት ቤቶችን አፈራ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ያባቶች አባባል ቤተ ሙከራ ውስጥም ሠራ።

ሚሶ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሄድ

ጃፓን ውስጥ የቶቶ ባለሙያዎች ምትኩን ከአኩሪ አተር ሊጥ ነበር የሚሠሩት። ሊጡ ይሰጥማል፣ ይጣበቃል፣ በግፊት ቅርጹን ይለውጣል። በአሜሪካና በካናዳ ሽንት ቤት ለሚቀይር ደንበኛ ገንዘብ የሚደጉሙ የውሃ አቅራቢ ተቋማት፣ የሚደጉሙት ዕቃ ሁለት ጊዜ ውሃ የሚያስለቅቅ ከሆነ ገንዘባቸው ወንዝ እንደገባ ገባቸው። ካናዳዊው ቢል ጋውሊና ካሊፎርኒያዊው ጆን ኮለር በእነዚህ ተቋማት ድጋፍ አዲስ የፈተና ዘዴ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ውጤት በ2003 ታተመ።

ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው የጠየቁት ጥያቄ ከእነርሱ በፊት በፋብሪካ ደንብ ውስጥ ያልነበረ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይወጣዋል? መልሱን ከአንድ የብሪታንያ የሕክምና ጥናት አገኙት፤ በጥናቱ የተካፈሉት ወንዶች ያስመዘገቡት ትልቁ መጠን በአማካይ 250 ግራም ነበር። ይህ ዝቅተኛው ማለፊያ ሆነ። ምትኩም ከአኩሪ አተር፣ ከሩዝ፣ ከጨውና ከውሃ የሚሠራው ሚሶ ሆነ፤ በ50 ግራም እየተመዘነ፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ እየሆነ ይዘጋጃል። ከእርሱ ጋር የተጨማደደ የሽንት ቤት ወረቀት ይጨመራል። ካለፈ 50 ግራም ይጨመርበታል፣ እስኪያቅተው ድረስ። የመጨረሻው ጣሪያ 1,000 ግራም ነው። ሊጡን በየጊዜው መጣል ስለሚያስቸግር፣ በኋላ በስስ የላቴክስ ሽፋን ውስጥ አስገብቶ ደጋግሞ መጠቀምም ተጀመረ።

ውጤቱ ብዙዎችን አሳፈረ። የማረጋገጫ ማኅተም ከነበራቸው ሽንት ቤቶች መካከል ብዙዎቹ 250 ግራሙን ማውረድ አቃታቸው። ከሁሉ በላይ የሠራው ግን ውጤቱ በየሞዴሉ ስምና በግራም ለማንም በነጻ መውጣቱ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው፣ ሕንፃ ተቋራጩና የውሃ ተቋሙ ዝርዝሩን ይዘው ገበያ ወጡ። «አልፏል» የሚለው ቃል ሁሉንም እኩል ያደርግ ነበር፤ ቁጥር ግን ማን ከማን እንደሚበልጥ ይናገራል።

መሐንዲሶቹ ወደ ንድፋቸው ተመለሱ። ከገንዳው ውሃ የሚወርድበት መክፈቻ በብዙ ሞዴሎች ከ2 ኢንች ወደ 3 ኢንች ሰፋ፤ ያው ውሃ በአጭር ጊዜ በኃይል እንዲወርድ ሆነ። ጥምዙ ቱቦ ሰፋ፣ ውስጡም ጭምር ልባጥ ተቀባ፤ ከዚያ በፊት ዓይን አያየውም ተብሎ ሸክላው እንዳለ የሚተው አምራች ነበር። በ2007 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ውሃ ለሚቆጥቡ ሽንት ቤቶች ምልክት መስጠት ሲጀምር ደንቡ ላይ ሚሶው ገባ። 4.8 ሊትር ብቻ የሚጠቀም መቀመጫ 350 ግራም ሊጥና አራት ጭብጥ የተጨማደደ ወረቀት ከአምስት ሙከራ ቢያንስ በአራቱ ማውረድ ነበረበት።

ዛሬ በደንቡ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ መቀመጫ በዓይን ይታያል፣ በመዶሻ ይደመጣል፣ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ከየምርቱ የተመረጠው ናሙና ደግሞ በጭነት፣ በቀለምና በሊጥ ይፈተናል። የእነዚህ ፈተናዎች ምልክት ለእኛም አገር ገዢ እንግዳ አይደለም። ሀዋሳ ላይ ታቦር ሴራሚክ የሸክላ መጸዳጃ ዕቃ ቢያመርትም፣ ብዙው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ መቀመጫ የሚመርጥ ሰው ካርቶኑ ላይ የሊትር መጠንና እንደ ኢኤን 997 ያለ የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ያ ቁጥር ሰጋቱራውን፣ ወረቀቱንና ጭነቱን አልፏል ማለት ነው፤ የነጭነቱና የማብለጭለጩ ምስክርነት ግን ከዚህ አይቆጠርም።

በ1994 በ6 ሊትር 250 ግራም ማውረድ ያቃታቸው ሽንት ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ ዛሬ በ4.8 ሊትር 1,000 ግራም የሚያወርዱ በገበያ አሉ። በመካከል ውሃው ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ያኔ ሕዝቡ ውሃ ጎደለ ብሎ ተቆጣ፤ የጎደለው ግን ትክክለኛ ፈተና ነበር።